የአላታ ድልድይ ጠባቂ ይሰየምለት

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ጉዳዩ፦ በጢስ ዓባይ ለሚገኘው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ቋሚ የጥገናና የእንክብካቤ ሥርዓት እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ



ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ የደረሰ ሰው ፏፏቴውን ፊት ለፊት ማየት ከፈለገ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገራል። የሚሻገርበት የድንጋይ ድልድይ የአላታ ድልድይ ይባላል። አጋም ድልድይ የሚሉትም አሉ፤ አስጎብኚዎች ደግሞ «የፖርቹጋል ድልድይ» እያሉ ያስተዋውቁታል። የታሪክ ጸሐፍት የተሠራበትን ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. 1626 ላይ ያደርጉታል። በዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች ቀዳሚው እሱ ነው። በዚህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2026 አራት መቶ ዓመት ይሞላዋል።

ይህን የምጽፈው በዓል እንዲደገስለት አይደለም። የምጠይቀው ድልድዩን በየዓመቱ የሚመረምር፣ በሚስማማው ቁሳቁስ የሚጠግን፣ ጉዳት ሲደርስበትም የሚጠየቅ አንድ የታወቀ አካል እንዲሰየምለት፣ ለሥራውም ቋሚ በጀት እንዲያዝ ነው። ዕድሜዬን በግንባታ ሙያ ያሳለፍኩ የባሕር ዳር ነዋሪ ስለሆንኩ ስለ ታሪኩም ስለ ግንቡም የማውቀውን ላስረዳ።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ከበጌምድር ይለያል። በበጋ ውኃው ሲጎድል የሚያሻግሩ መልካዎች አሉ። ሰኔ ከገባ በኋላ ግን ወንዙ ይሞላና ማዶና ማዶ ያለው ሕዝብ ለወራት ይቆራረጣል። ጭነት የያዘ ነጋዴ፣ አቤቱታውን ይዞ ወደ ቤተ መንግሥት የሚሄድ ባላገር፣ ትእዛዝ ያነገበ መልእክተኛ፣ ሁሉም የውኃውን መጉደል ጠባቂ ነበር። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ሲነግሡ መቀመጫቸው ከወንዙ በዚያኛው ወገን፣ በደንቀዝና በአካባቢው ነበር። ጎጃምን የሚያስተዳድሩት ደግሞ ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነበሩ። ግዛቱ በአንድ ወንዝ ለሁለት ለተከፈለበት መንግሥት ክረምት ከበጋ የሚያሻግር ድልድይ ትልቅ የአስተዳደርና የጦር ጉዳይ ነበር።

ድልድዩ እንዲሠራ ያስቻለው ኖራ ነው። በዚያ ዘመን በአካባቢው አብዛኛው ግንብ የሚያያዘው በጭቃ ነበር። ጭቃ ቤት ያቆማል፤ ወራጅ ውኃ ላይ ለሚዘረጋ ቅስት ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ ከህንድ የመጣ አንድ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ ውስጥ መኖሩን ለይቶ አወቀ። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው የጀስዊት ሚሲዮናዊ ማኑኤል ዴ አልሜዳም ስለ ኖራው መገኘትና ስለ ድልድዩ መሠራት ጽፎ አልፏል። ድንጋዩ በምድጃ ተቃጥሎ፣ በውኃ ተሟምቶ፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ሲደርቅ አየሩን እየሳበ ተመልሶ ወደ ድንጋይነት ይቀየራል። የዓባይን ገደልና ገደል ያገናኘው ይህ ዕውቀት ነው።

እዚህ ላይ ለጎብኚ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀር ነገር አለ። ድልድዩን የሠራው የጀስዊት ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ነው የሚሉ አሉ። ፓኤዝ በጎርጎራ ለአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ያሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ በግሽ ዓባይ የወንዙን ምንጭ ያየ ሰው ስለሆነ ሥራው ለእሱ ቢሰጥ አያስደንቅም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1622 አርፏል፤ ድልድዩ የተሠራው እሱ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚለው መጠሪያም ያሠሩትን ኢትዮጵያዊ ንጉሥ፣ ኖራውን ያገኘውን ህንዳዊ ባለሙያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንጋዩን የጠረቡትንና የተሸከሙትን ያገሬውን ሰዎች ከታሪኩ ያስወጣል። ስማቸው በየትም አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን ዛሬም ሰው ያሻግራል።

ዘመኑ የሰላም ዘመን አልነበረም። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ማድረጋቸው አገሪቱን በደም አጨቀያት። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። አፄ ፋሲልም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ኖራውን ግን አላስወጡትም። የጎንደር ግንቦች የተገነቡት በዚሁ ሙያ ነው። በጎንደር ዙሪያ ባሉ ወንዞች ላይ ሰባት ድልድዮች እንዳሠሩ ይነገርላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ ደግሞ ከአላታ በታች በዓባይ ላይ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ተሠራ። የአላታው ድልድይ እንግዲህ የዚህ ሁሉ በኩር ነው። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተከበረው የግንበኝነት ጥበብ ግቢው ከመሠራቱ በፊት በዓባይ ገደል ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በአላታ በኩል አልፎ ድልድዩን አይቶታል። ቅስቱ አንድ መሆኑን፣ ስፋቱ 25 ጫማ ያህል እንደሆነ፣ ሁለቱ ጫፎቹም ከጽኑ ዓለት ጋር ተያይዘው መቀመጣቸውን ጽፏል። ከጎን መከለያው የቀረው ስብርባሪ ብቻ መሆኑንም ተመልክቷል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላው ምስክርነቱ ነው። ድልድዩ ብዙ ጊዜ እንደተጠገነ፣ ሊያፈርሱት የሞከሩም እንደነበሩ ከመልኩ እንደሚታይ ጽፏል። ይህ በተሠራ በ144ኛው ዓመት የተሰጠ ምስክርነት ነው።

አራት መቶ ዓመት የቆመው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። በየዘመኑ የጠገነው ሰው ስለነበረ ነው። ጦር ሲያፈርሰው፣ ጎርፍ ሲነቅለው፣ አንድ ሰው መጥቶ ድንጋዩን መልሶ አስቀምጧል፣ ኖራውን መልሶ ሞልቷል። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ማን እንደከፈለው አልተመዘገበም። ነገር ግን ሥራው ባይሠራ ኖሮ ብሩስም እኛም የምናየው ባዶ ገደል ይሆን ነበር። ያንን ጠጋኝ ዛሬ ማን ይተካው? የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ ይህ ነው።

በገበያ ቀን በድልድዩ ጫፍ የቆመ ሰው ቅርሱ አሁንም ሥራ ላይ መሆኑን ያያል። እህል የጫኑ አህዮች በተርታ ይገባሉ፤ ባለቤቶቻቸው ከኋላ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይከተላሉ። ጀሪካን ያዘለች ሴት ለአህዮቹ መንገድ ለቃ ወደ ጎን ትጠጋለች፤ ሻሽና ቅል የሚሸጡ ልጆች እንግዳ ይጠባበቃሉ። መንገዱ ላይ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ በሰኮናና በባዶ እግር ተሻሽቶ ያበራል። ከጎን ወርዶ ግንቡን ቀርቦ ላየ ደግሞ ሌላም ይታያል። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ውስጥ ሣር በቅሏል። አንድ ቦታ ላይ የጣት ያህል የወፈረ የዋርካ ችግኝ ሥሩን ወደ ውስጥ ሰዶ አገኘሁ። ጣቴን በመጋጠሚያው ውስጥ ሳስገባ ደግሞ የረገበው ኖራ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ።

ይህን ለባለሙያ ላልሆነ አንባቢ ማብራራት ያስፈልጋል። ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። ከላይ የሚመጣው ክብደት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተላለፈ በሁለቱ ጫፎች ወዳለው ዓለት ይወርዳል። ስለዚህ ቅስት በክብደት ብዛት አይወድቅም ማለት ይቻላል፤ የሚወድቀው ድንጋዮቹ ከቦታቸው ሲንሸራተቱ ነው። የሚያንሸራትታቸውም ውኃና ሥር ናቸው። ከላይ የዘነበው ዝናብ መውረጃ ሲያጣ ወደ ግንቡ ሆድ ይሰርግና ኖራውን እያጠበ ያወጣዋል። በወጣው ኖራ ቦታ አፈር ይገባል፣ በአፈሩ ላይ ዘር ይበቅላል፣ ሥሩም ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋዋል። ከታች ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ ያንከባለለው ግንድና ቋጥኝ የግንቡን እግር ይመታዋል። እያንዳንዱ ጉዳት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲጠራቀም ግን አንድ ክረምት ይበቃዋል።

ጥገና ሲባልም ማንኛውም ጥገና አይደለም። በጣም የምፈራው በቀና ልብ የሚመጣውን የሲሚንቶ ባልዲ ነው። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ድርቅ ያለ ነው፤ ውኃም አያስተነፍስም። በአሮጌ የኖራ ግንብ ላይ ሲለሰን ከውስጥ ያለውን እርጥበት ያፍነዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በሲሚንቶው ዙሪያ ያለውን ለስላሳ ኖራና ድንጋይ ይበላል። ግንቡ በሙቀትና በብርድ ትንሽ ትንሽ ሲንቀሳቀስም ኖራው አብሮት ይለጠጣል፤ ሲሚንቶው ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ለውኃ አዲስ በር ይሆናል። ይህንን ከአገራችን ልምድ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያኖች የጎንደርን ግንቦች ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት ለበስ ኮንክሪት ተጠቅመው ነበር። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን እየነቀሉ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። በጎንደር ሁለት ጊዜ የተከፈለበትን ትምህርት በጢስ ዓባይ ለሦስተኛ ጊዜ ልንከፍልበት አይገባም።

ድልድይ ሲሰበር ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሰባራ ድልድይ ይመሰክራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰበረ ይባላል። አገር ነፃ ከወጣች በኋላ ግን ክፍተቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሞላ ቀረ። ሰዉ ምን አደረገ? በአንደኛው ጫፍ ያሉ ወንዶች ገመድ ይወረውራሉ፣ በሌላኛው ጫፍ ያሉት ይይዛሉ። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ታጥቆ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ለገበያ የሚሄደውም፣ የታመመውም በዚያው ነበር የሚያልፈው። የዚህ ሁኔታ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ፎቶውን ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ ልቡ ተነክቶ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2002ም ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ። ያንንም በኋላ ጎርፍ ወሰደውና በቦታው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ለረዱን ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ አፄ ፋሲል ያሠሩት ድልድይ ለራሱ ሕዝብ እንዲጠገን በባሕር ማዶ መጽሔት ላይ ፎቶው መውጣት ነበረበት። አላታ የዚህ ዓይነት ፎቶ እስኪነሳበት መጠበቅ የለብንም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ያባቶች ምክር ለድልድይም ይሠራል።

ሕጉ አልጎደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 91 ደግሞ የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣ ነው፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገንም ሆነ መለወጥ እንደማይቻል ይገልጻል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመደቡበትን መንገድ አበጅቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1972ቱን የዓለም ቅርስ ስምምነት ካጸደቀችም ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የሚያስፈልገው ይህ ሁሉ ሕግ በሸለቆው ውስጥ መሰላልና መዶሻ ወደያዘ አንድ ሰው እንዲወርድ ነው። አዋጅ በራሱ የዋርካ ሥር አይነቅልም።

ጢስ ዓባይ ቅርስን ያላማከለ ውሳኔ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ ያየ ቦታ ነው። ለኃይል ማመንጫ ሲባል ውኃው ከተጠለፈ ወዲህ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በበጋ ወራት የሄደ እንግዳ የሚያየው በገደሉ ላይ የቀጠነ ውኃ ሆነ። መብራት ለአገር እንደሚያስፈልግ አልክድም። በዚያ የምርጫ ሰዓት ግን ፏፏቴውን ወክሎ የሚናገር አካል በጠረጴዛው ዙሪያ ጎልቶ እንዳልታየ ውጤቱ ያሳያል። ነገ በድልድዩ አጠገብ መንገድ፣ የውኃ መስመር ወይም ማረፊያ ቤት ሊሠራ ቢታሰብ ድልድዩን ወክሎ የሚናገር አካል ከአሁኑ መታወቅ አለበት።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። እንደ ከተማው ነዋሪም እንደ ግንባታ ሰውም ኮርቼበታለሁ። ያ ድልድይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ የንድፍ ሰነድ፣ የጥገና ባለቤት አለው። በዚያው ወንዝ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ያለው ታላቅ ወንድሙም እንዲሁ ንድፍና ባለቤት ይኑረው ማለት ብዙ መጠየቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1ኛ. ድልድዩ ከመጪው ክረምት በፊት ይለካ። እያንዳንዱ ድንጋይ፣ እያንዳንዱ ስንጥቅ በፎቶግራፍና በልኬት ሥዕል ይመዝገብ። የቦስኒያው የሞስታር ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1993 በጦርነት ሲፈርስ እንደ ቀድሞው ሆኖ ተገንብቶ በ2004 የተመረቀው አስቀድመው የተዘጋጁ የልኬት ሥዕሎች ስለነበሩ ነው። ሥዕል የሌለው ድልድይ አንዴ ከወደቀ የሚተካው በግምት ነው። ለዚህ ሥራ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህራንና ተማሪዎች ቅርብ ናቸው፤ ለተማሪዎቹም ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

2ኛ. የድልድዩና የአካባቢው ክልል ድንበር ይከለል። ወንዙ የአስተዳደር ወሰን ስለሆነ የድልድዩ አንዱ እግር በአንዱ አስተዳደር፣ ሌላው እግር በሌላው ሥር ነው። ሁለት ባለቤት ያለው ነገር ባለቤት አልባ እንዳይሆን የሁለቱም ወገን አስተዳደሮች፣ የቢሮውና የባለሥልጣኑ ተወካዮች ያሉበት አንድ የጋራ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ተጠሪውም በስም ይታወቅ።

3ኛ. የኖራ ሙያ ይመለስ። ጎንደር ላይ በግንቦቹ ጥገና ኖራ ያቦኩ ግንበኞች አሉ። እነሱ ከጢስ ዓባይና ከማዶው ከደራ ወጣቶች መካከል ጥቂቶቹን ይዘው በሥራ ላይ ያሠልጥኑ። ኖራ ማቃጠልና ማሟሟት፣ ኖራውን ለወራት በጉድጓድ ማቆየት፣ ከትክክለኛው አሸዋ ጋር መመጠን በንባብ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም፤ እጅ ከእጅ የሚቀበለው ነው። በዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል።

4ኛ. የዓመት እንክብካቤ ይጀመር። ቤቱ ሣር ክዳን የሆነ ገበሬ ክረምት ሳይገባ ቤቱን ዞሮ ያያል፤ ለድልድዩም ልክ እንደዚያ ነው መደረግ ያለበት። በግንቦት የበቀለው ሁሉ ይነቀል፣ የውኃ መውረጃው ይጠረግ፣ የረገበው መጋጠሚያ በኖራ ይሞላ። በጥቅምት ውኃው ሲጎድል የግንቡ እግር ይታይ፣ ጎርፉ የበላው ካለ ይጻፍ። ዛፍ የሚወገደውም በስለት ተቆርጦ ሥሩ እንዲሞት ተደርጎ እንጂ ድንጋዩን ይዞ እስኪወጣ ተጎትቶ መሆን የለበትም። ይህን ሥራ አንድ ሠልጣኝ ቡድን በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ወጪውም ከፏፏቴው የመግቢያ ክፍያ በየዓመቱ በሚመደብ ድርሻ ሊሸፈን ይችላል።

5ኛ. ባለሥልጣኑ ሳይፈቅድ በድልድዩ ላይ አንድ እፍኝ ሲሚንቶ እንዳይወድቅ በጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጥ። ትእዛዙ በቀበሌ ደረጃ ይታወቅ፤ በጎ አድራጊ ድርጅቶችም ይወቁት።

6ኛ. ሞተር ያለው ነገር በድልድዩ ላይ እንዳያልፍ ይከልከል፤ የሕዝቡ ጭነት ከጨመረ ደግሞ ከድልድዩ እይታ ርቆ ሌላ መሻገሪያ ይታሰብ። ሕዝቡን ከድልድዩ ማገድ ግን መፍትሔ አይደለም። ሰው የሚሻገርበት ድልድይ ጠባቂው ብዙ ነው።

7ኛ. በሁለቱም ጫፍ ታሪኩ በትክክል የተጻፈበት ሰሌዳ ይቁም። የአፄ ሱስንዮስ፣ የህንዳዊው ባለሙያና የኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ድርሻ በአማርኛና በውጭ ቋንቋ ይጻፍበት። ግንቡ በእንቁላል ተቦክቶ እንደተሠራ የሚነገረው አፈ ታሪክም ካስፈለገ አፈ ታሪክ ተብሎ ይቀመጥ። ለአስጎብኚ ወጣቶች አጭር ሥልጠና ይሰጥ።

ሊቀርቡ የሚችሉ መልሶች እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ገንዘብ የለም» ነው። ከዘረዘርኩት ውስጥ አብዛኛው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ውድ የሚሆነው እንክብካቤ ሲቀር ነው። መጋጠሚያ በኖራ መሙላት የግንበኛ የቀን ሥራ ነው፤ የወደቀ ቅስት መልሶ ማቆም ግን የዓመታት ፕሮጀክት ነው፤ የሚቆመውም ያው ድልድይ አይሆንም።

ሁለተኛው «ጊዜው አይደለም» ነው። በክልሉ በነበረውና ባለው የጸጥታ ችግር የጎብኚ ቁጥር እንደቀነሰ፣ ከዚህ የከበዱ ጭንቀቶችም እንዳሉ እኔም የምኖርበት እውነት ነው። ነገር ግን ዝናቡ ጸጥታ እስኪሰፍን አይጠብቅም። ብሩስ ድልድዩን ያየው አገሩ በጦርነት በሚታመስበት ጊዜ ነበር፤ የጥገናዎቹ አሻራም በዚያው ላይ ነበር። በክፉ ዘመን እንኳ የሚጠግኑት አላጣም። ደግሞም ይህ ድልድይ የጎብኚ ብቻ አይደለም። ጎብኚ በቀረበት ዓመትም ገበሬው ይሻገርበታል፣ ተማሪው ይሻገርበታል፣ ነፍሰ ጡሯ ወደ ጤና ጣቢያ ትሻገርበታለች።

ሦስተኛው «ድልድዩ እስካሁን ምን ሆነ?» ነው። ይህ በሙያዬ ብዙ ጊዜ የሰማሁት ነው። የድንጋይ ግንብ ሳይናገር ረጅም ጊዜ ይታገሳል፤ ሲናገር ግን በአንድ ሌሊት ነው። ስለዚህ ምርመራው መቅደም ያለበት ሁሉም ነገር ደህና በሚመስልበት ወቅት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለጢስ ዓባይና ለደራ ነዋሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ድልድዩን በየቀኑ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ከግንቡ የወደቀ ድንጋይ ብታገኙ ለቤት መሠረት አይሂድ፤ በወደቀበት ቦታ ይቀመጥና ለቀበሌ ይነገር፤ ጠጋኙ ሲመጣ ያው ድንጋይ ወደ ያው ቦታ ይመለሳል። በአካባቢው የሚገኙ ትምህርት ቤቶች መምህራንም ልጆቹን ወደ ድልድዩ አውርዳችሁ ቅስት እንዴት እንደሚቆም አሳዩአቸው። ከእነሱ መካከል የነገው ጠጋኝ ይኖራል። ባሕር ዳርና ጎንደር ያላችሁ መሐንዲሶችና ግንበኞችም በበጎ ፈቃድ ዕውቀታችሁን ለመስጠት ስማችሁን አስመዝግቡ። እኔ ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነኝ።

ከእናንተ የምጠብቀው መልስ ሦስት ነገር የያዘ ነው፦ የድልድዩ ኃላፊ የሚሆነው ሰው ወይም ክፍል ማን እንደሆነ፣ የልኬት ሥራው በየትኛው ወር እንደሚጀመር፣ ለዓመታዊው እንክብካቤ ምን ያህል በጀት እንደሚያዝ። መልሱ ይፋ ይሁን፤ ጥያቄው የቀረበው በይፋ ነውና። አራት መቶኛ ዓመቱ በንግግርና በሪባን ብቻ እንዳያልፍ፣ የዓመቱ መታሰቢያ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የተሞላ አዲስ ኖራ ይሁን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ
ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ
በወንዙ ግራና ቀኝ ለሚገኙ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች
ለጢስ ዓባይና ለደራ ነዋሪዎች